አዜማ የቆጠረቻቸው ደረጃዎች

የዚያ ዓመት ነሐሴ ሲነሳ ዛሬም ድረስ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው። ከሴሌስት ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉት የእንጨት ቆጦች ላይ ሽሪምፑ ለፀሐይ ተሰጥቶ ይደርቅ ነበር፤ ሽታው ልብስ ውስጥ፣ ፀጉር ውስጥ፣ ትራስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። አየሩ ከብዶ ደረት ላይ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ትንሽ ነፋስ ብቅ ስትል ሴቶቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው ገለጥ አድርገው ይቀመጣሉ። ጀልባዎቹ ጠግበው ይገቡ ነበር። ሰው ሁሉ ደክሞታል፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እንደዚያ ያለ ነሐሴ ደግሞ መጥቶ እንደሆነ እንጃ፤ እኛ ግን አላየነውም።

አዜማ ያን ጊዜ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏን ከቀበረች አሥር ዓመት ሆኗታል። ከማህፀኗ ልጅ አልወጣም፤ ልጅ አላሳደገችም ማለት ግን አይቻልም። እናታቸው ስትሞት ወንድሟ ኦቪድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ አሥራ ሁለት። አጥባ፣ አብልታ፣ በጀርባዋ አዝላ አሳደገችው። ከትምህርት ቤት የቀረችውም በእሱ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ሲባል ያው የሚስዮኖቹ ነው፤ የኛን ልጆች የሚቀበል ሌላ አልነበረም፣ እሱም ሦስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ኦቪድ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ «እትዬ» ማለቱን አልተወም።

የአየር ጠባይ ቢሮው ሰው በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ይመጣል። ሥራው በባሕሩ ዳር ላለ ሕዝብ ተመልካች ማዘጋጀት ነው፤ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ውሃው የት እንደደረሰ፣ ነፋሱ ምን እንደሰበረ እያዩ በስልክ የሚናገሩ በጎ ፈቃደኞች። በሴሌስት ስምንት ነበሩ። ሁሉም ለአዜማ ይደውላሉ፣ አዜማ ደግሞ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት። በዚያ ዓመት የመጣው ሚስተር ሃርገስ የሚባል ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ቶሎ የሚቀላ ሰው ነው። ስምንት ነጭ ሰሌዳዎች ይዞ መጣ። በሰሌዳዎቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ በቁጥርና በቁጥር መሃል ደግሞ ትናንሽ ጭረቶች አሉ። እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ምሰሶ ላይ ቸንክሮ ውሃው የነካውን ቁጥር ያነባል።

«ለምሳሌ ሁለት ነጥብ አራት ብላችሁ ትደውላላችሁ» አለ ሚስተር ሃርገስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቆሞ።

«ነጥቡ ምን ያደርጋል?» አለች ክሎዲስ። ክሎዲስ በወንዙ መጨረሻ፣ ከኦቪድ ቤት አልፎ የምትኖር ባልቴት ናት፤ መረብ በመጠገን የሚያክላት የለም።

ሚስተር ሃርገስ አስረዳት። አልገባትም። እንደገና አስረዳት። ከኋላ የተቀመጠው አብሮት የመጣው ሹፌር ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ሳቀ። ክሎዲስ እርሳሷን ቀስ ብላ ከጭኗ ሥር ደበቀችውና አንገቷን ደፋች።

ይህን ያየችው አዜማ ናት። ተነሳች።

«ሚስተር ሃርገስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውሃው እኛ ቤት ሲመጣ ነጥብ ይዞ አይመጣም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«እኛ ውሃን የምንናገረው በደረጃ ነው፣ አባቶቻችንም እንደዚያው። ቤቶቻችን ሁሉ ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ሁሉም ደረጃ አላቸው። ‹ኤልፌዥ ቤት አራተኛው ደረጃ ደረሰ› ብለው ይንገሩኝ፤ እኔ እዚሁ ተቀምጬ የማን ግቢ እንደሰመጠ፣ የማን ዶሮ ዛፍ ላይ እንደወጣች እነግርዎታለሁ።»

«ደረጃ እኮ ይለወጣል፣ እመቤቴ» አለ ሰውዬው በትሕትና። «ሰሌዳ ግን አይለወጥም።»

«ዞሬ እቆጥራቸዋለሁ። የሁሉንም።»

ሚስተር ሃርገስ ክፉ ሰው አልነበረም። ለወገኖቿ ብላ እንደተነሳች የገባው ይመስለኛል። «እንደሚመቻችሁ ይሁን» ብሎ ምናልባት ይፈለጉ ይሆናል በሚል ሰሌዳዎቹን አዳራሹ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቷቸው ሄደ። ክሎዲስ ስትወጣ የአዜማን እጅ ጨብጣ ይዛት ቆየች።

አዜማ ቃሏን ጠበቀች። በዚያው ሳምንት የሽሪምፕ ካርቶን ቀድዳ፣ እርሳስ ይዛ፣ በፀሐይ ቤት ለቤት ዞረች። እያንዳንዱን ደረጃ በእግሯ እየረገጠች ቆጠረች። መጨረሻ ኦቪድ ቤት ደረሰች።

«እትዬ፣ ሰባት ናቸው» አላት ከላይ በረንዳው ላይ ሆኖ። «አምናም ሰባት ነበሩ። ካቻምናም።»

«ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው።»

«ከሰባት በላይ መቁጠር አልቻልሽም እንዴ? ሚስዮኖቹ ምን አስተማሩሽ?»

«አንተን አዝዬ ስቆም ስቀመጥ መቼ ተማርኩ፣ አንተ ጉድ!»

ሰባት ነበሩ። በካርቶኑ ላይ በኦቪድ ስም አጠገብ «ሦስተኛው፣ መንገድ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከወንዙ ታች መውጫችን ወደሆነው ድልድይ የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ ከኦቪድ ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በድልድዩ በኩል ያለው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ዝቅ ይላል። የኦቪድ ሦስተኛ ደረጃ ከረጠበ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያን ጠመዝማዛ ውሃ ይውጠዋል። ይህን ባለፉት ሁለት ማዕበሎች አይተውታል። ከዚያ በኋላ መኪና አያልፍም፣ ከታች የቀረ ሰው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ሁሉ የኦቪድ ዓይን ዋናው ነው።

በነሐሴ መጨረሻ አዜማ የበለስ ማርማላታ ሠርታ አንድ ብልቃጥ ለኦቪድ ይዛ ሄደች። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆም አለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ብሎኬት።»

«እሱንማ አየሁት።»

«የታችኛው እንጨት በስብሶ ኖሯል። የበረዶ ሣጥኑን ተሸክሜ ስወርድ ከእግሬ ሥር ሄደ። ልሞት ነበር እኮ፤ ማርማላታሽን ማን ይበላልሽ ነበር?»

አዜማ ብሎኬቱን በእግሯ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው። «ይሻላል፣ አይነቃነቅም» አለችና ረግጣው ወጣች። ተቀምጠው ዳቦ በማርማላታ በሉ። ስለ ልጅ ልጆቹ አወሩ፣ ስለ ጀልባው ሞተር አወሩ። ካርቶኑ ቤቷ፣ ከስልኩ በላይ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ስለሱ አንዳቸውም ምንም አላነሱም።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማዕበሏ መጣች። ስም ነበራት፤ በኛ ወንዝ ግን ስሟን የሚጠራ የለም።

ከመምጣቷ በፊት ባለው ቀን አዜማ ስምንቱን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የባትሪ ድንጋይ አከፋፈለች። ውሃው አዲስ ደረጃ በነካ ቁጥር መደወል እንዳለባቸው፣ ስልክ ከተበላሸ በጀልባ ሬዲዮ እንዲናገሩ፣ ማንም ጀግና ነኝ ብሎ እንዳይቀር ነገረቻቸው። ከሆሳዕና የተረፈውን የተባረከ ዘንባባ እየቆረጠች ለእያንዳንዳቸው ሰጠች፤ ነፋሱ ሲበረታ ቤታቸውን እንዲጠብቅላቸው ያቃጥሉታል።

«ለኔ ትልቁን ስጪኝ» አለ ኤልፌዥ። «የኔ ጣራ ከሁሉም ያረጀ ነው።»

«አንተ ራስህ ከጣራህ ታረጃለህ፤ ዘንባባ ምን ያደርግልሃል?» አለች ክሎዲስ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አውራጃው አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መድቧል። የምትነዳው ዊልማ የምትባል ጎበዝ ሴት ናት። ድልድዩ ላይ ሆና የአዜማን ቃል ትጠብቃለች። ብዙው ሰው በዚያው ቀን በገዛ መኪናው ወጥቶ ሄደ። ከታች የቀሩት አራት ናቸው፦ ኦቪድ፣ ክሎዲስ፣ ሌሎቹ ደግሞ መኪና የሌላቸው ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት። ኦቪድ የራሱን መኪና ለልጁ ለኔርቪል ሰጠው፣ ልጆቹን ጭኖ እንዲያወጣ።

«አባዬ፣ አንተም ና እንጂ» ብሎት ነበር ኔርቪል።

«ደረጃውን ማን ሊያይ? አክስትህ ትገድለኛለች። በአውቶቡሱ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ የአሮጌ ቆርቆሮ መልክ ነበረው። አዜማ ከንጋት ጀምሮ ከድልድዩ በላይ ባለው ቤቷ ስልኩ አጠገብ ናት። ከስምንቱ ስድስቱ እየደወሉ ወደ ድልድዩ ወጡ፤ እንደ ኤልፌዥ ቤታቸው ለድልድዩ ቀረብ ያለው። ኦቪድ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ።

«ግቢው ውስጥ ገባ፣ እትዬ። ገና ደረጃ አልነካም።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ «አንደኛው ረጠበ» አለ። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ «ሁለተኛው» አለ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ እንደ ተናደደ ሰው ያጉተመትም ነበር።

ወዲያው ዊልማ ከድልድዩ ደወለች። «እናቴ፣ ምን ላድርግ? በቀኝ በኩል ባለው መንደር አምስት በሽተኞች አሉ፣ ሁለቱ ከአልጋ የማይነሱ። ነፋሱ ሳይብስባቸው ላውጣቸው ወይስ ቀድሜ ወደ ታች ልውረድ?»

አዜማ ቀና ብላ ካርቶኑን አየች። ሦስተኛው፣ መንገድ። ኦቪድ ደግሞ ገና ሁለተኛው ላይ ነው። ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች፦ ሦስተኛው እስኪረጥብ ግማሽ ሰዓት፣ መንገዱ እስኪዋጥ ሌላ ግማሽ ሰዓት። «አንድ ሰዓት አለሽ» አለቻት። «በሽተኞቹን አውጪ። ቶሎ ብለሽ ተመለሽ።»

ዊልማ ሄደች። አዜማ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች። ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ስልኩ ጮኸ።

«ሦስተኛው ረጠበ» አለ ኦቪድ። «ግን እትዬ፣ አውቶቡሱ የታለ?»

«እየመጣ ነው። ዊልማ አሁን ድልድዩ ላይ ደርሳለች። ግማሽ ሰዓት አላችሁ።»

«የምን ግማሽ ሰዓት? ከበረንዳዬ ሆኜ ጠመዝማዛውን እያየሁት ነው። የመንገዱ ምልክት ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። ከሰመጠ ሃያ ደቂቃ ሆነው።»

«ሦስተኛው አሁን ነው የረጠበው ብለኸኝ!»

«አሁን ነው።»

አዜማ ካርቶኑን ከግድግዳው ነቀለችው። አተኩራ አየችው።

«ኦቪድ» አለች ቀስ ብላ። «አንደኛ የምትለው የቱን ነው?»

«የመጀመሪያውን እንጨት ነዋ።»

«ብሎኬቱስ?»

«ብሎኬት ደረጃ ነው እንዴ፣ እትዬ?»

እሷ በሰኔ የቆጠረችው የታችኛውን እንጨት አንድ ብላ ነው። እሱ ብሎኬቱን ዘልሎ ቆጠረ፤ በወንዙ ያለ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የሚቆጥረው፣ ደረጃ ማለት እንጨት ነውና። «ሁለተኛው» ሲላት ያ በእሷ ካርቶን ሦስተኛው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ኦቪድዬ፣ ረግጬው ወጥቼ…»

«ተይ፣ ተይ። አሁን አታልቅሺ፣ እኔንም ታስለቅሺኛለሽ። ትንሿ ጀልባ ታስራ አለች። ሽማግሌዎቹን ይዤ በወንዙ እወጣለሁ። ዊልማ ድልድዩ ላይ ትጠብቀኝ በያት።»

«ክሎዲስስ?»

«ጀልባዋ በዚህ ነፋስ ከሁለት ሰው በላይ አትችልም። ለሷ እመለሳለሁ።»

«ኦቪድ…»

«እትዬ፣ ስልኩን ዝጊው። እየዘገየሁ ነው።»

ዘጋችው። በኋላ ስትናገር እንደኖረችው፣ በሕይወቷ እሱ አዝዟት የታዘዘችለት ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ታዛዥ ነበር፣ እሷ አዛዥ።

ባልና ሚስቱን ድልድዩ ላይ አደረሳቸው። ዊልማ እጁን ይዛ ወደ ላይ ልትጎትተው ሞከረች። «ወንድሜ፣ ውሃው አብዷል፣ አትመለስ» አለችው። ኦቪድ ከፊቱ ላይ ዝናቡን ጠርጎ፣ «ክሎዲስ ብቻዋን ናት፤ ደግሞ ስትቆጣ አትቻልም» አላትና ሞተሩን አዞረ። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም።

ክሎዲስን በማግስቱ በሕይወት አገኟት። ጠረጴዛዋ ላይ ወንበር ደርድራ ጣራው ሥር ወጥታ ነበር። «ማንም አልመጣም» አለች። «ሞተር ሰማሁ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።» የኦቪድ ጀልባ ከሳምንት በኋላ ሸምበቆው ውስጥ ተገልብጣ ተገኘች። ኦቪድ ግን አልተገኘም። ኔርቪል ኅዳር እስኪጋመስ ድረስ ፈለገው።

በጥቅምት መጨረሻ፣ የሙታን ቀን ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ኖራና ብሩሽ ይዞ የዘመዱን መቃብር ሊያነጣ መጣ። አዜማም ባልዲዋን ይዛ መጣች። የባሏን ቀባች። የእናቷን ቀባች። ሌሎቹ ጨርሰው አበባ ሲደረድሩ እሷ የእናቷን መቃብር እንደገና ከመጀመሪያው ቀባችው፤ ደርቆ ሳያልቅ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ።

ከዚያ አንድ እሑድ ሚስተር ሃርገስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። አዳራሹ ሞላ። አዜማ ተነሥታ ሁሉንም ተናገረች፦ ሰሌዳዎቹን፣ ካርቶኑን፣ ብሎኬቱን፣ ማርማላታውን፣ «አንድ ሰዓት አለሽ» ማለቷን። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

«እመቤቴ፣ ውሃው ፈጥኖ ነው የመጣው» አለ ሚስተር ሃርገስ። «በርግጥ ሰሌዳ ኖሮ ቢሆን…» ብሎ አቆመ። አንገቱ ቀላ።

«ይጨርሱት» አለችው።

«ብሎኬቱን እኔም ረግጬዋለሁ» አለች ክሎዲስ ከጥግ። «ያልረገጠው ማን አለ?»

«አባዬ ራሱ መች ነገረሽ፣ አክስቴ?» አለ ኔርቪል። «እሱም አላሰበውም። አንቺ ምን ታደርጊ?»

«እግሬ ነግሮኝ ነበር» አለች አዜማ።

ከዚያ በኋላ ሊያጽናናት የሞከረ ሁሉ ያቺን መልስ ብቻ ነው ያገኘው። ሰው ቢወቅሳት ትችለው ነበር። የሚወቅሳት አላገኘችም፤ ሰዉ ምግብ እያመጣላት፣ ሩዝና የሸርጣን ወጥ በረንዳዋ ላይ እያስቀመጠ ይሄድ ነበር። እሷ ለድመቶች ትሰጠዋለች።

በሚቀጥለው ሰኔ ሰሌዳዎቹን ከአዳራሹ ቁም ሣጥን አወጣች። መዶሻና ምስማር ይዛ እንደ አምናው ቤት ለቤት ዞረች፣ በየምሰሶው ላይ ራሷ ቸነከረች። መጨረሻ ወደ ክሎዲስ አዲስ ቤት ገባች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረቅ ባቄላ ዘርግታ በአሥር በአሥር ከፈለችው።

«ይኼ ሙሉው አንድ ነው። አሥር ፍሬ አለው። ከሁለተኛው ክምር አልፈሽ አራት ፍሬ ስትቆጥሪ፣ ሁለት ነጥብ አራት ነው።»

ክሎዲስ ባቄላውን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገች። ሦስት ነጥብ ሰባት ስትላት ደረደረች። አንድ ነጥብ ሁለት ስትላት ደረደረች። አልተሳሳተችም። ፀሐይዋ ገና ከመስኮቱ አልወረደችም።

«ይኼው ነው?» አለች ክሎዲስ ግራ ተጋብታ። «ይኼን ያህል ብቻ ነው?»

አዜማ ባቄላውን በሁለት እጇ ሰብስባ ከረጢቱ ውስጥ መለሰችው። «ይኼን ያህል ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች፤ ማዕበሏ ከመጣች ጀምሮ ሰው ፊት ስታለቅስ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ክሎዲስ መረብ ሲጠግን በኖረ ሻካራ እጇ ጀርባዋን እያሻሸች እስኪመሽ ተቀመጠች።

የተመልካቾቹን ስልክ ለኤልፌዥ ልጅ ለኖርማ አስረከበች። ሁለት ዓመት ቆይታ ቤቷን ለኔርቪል ሰጠች። አሁንም በሕይወት አለች፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ከባሕሩ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ በሰሜን ባለችው የጥድ አገር፣ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት ትኖራለች፤ ባለፈው ፋሲካ ኔርቪል ጠይቋት ሲመለስ እንደነገረን ክፍሏ በምድር ቤቱ በስተጀርባ ያለው፣ አንድም ደረጃ የማይረገጥበት ነው።